ፀጉረ ልውጥ ያልሆኑት ወራሪዎች

የማይታወቅ ሰው ሰፈር ውስጥ ሲታይ «ፀጉረ ልውጥ» እንለዋለን። ቃሉ አንድ እምነት አዝሏል፤ ባዕድ ከሆነ ያስታውቃል የሚል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1967፣ ማክሰኞ ምሽት፣ በአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን የጀመረው ተከታታይ ፊልም «ዘ ኢንቬደርስ» (ወራሪዎቹ) ይህን እምነት ነው ከሥሩ የሚነቅለው። ከምትሞት ፕላኔት መጥተው ምድርን የእነሱ ሊያደርጉ የተነሱት ወራሪዎች ፀጉራቸውም፣ ልብሳቸውም፣ አነጋገራቸውም የአገሬው ነው። በመጀመሪያው ክፍል አንዱ ከሙሽሪት ጋር ለጫጉላ ሽርሽር የወጣ ወጣት መስሎ ይመጣል፤ ማን ይጠረጥረዋል?

ይህ ተከታታይ ፊልም በተነሳ ቁጥር የሚሰማ ትችት አለ፦ «ያው ‹ዘ ፊዩጂቲቭ› ነው፣ በራሪ ሳህን ተጨምሮበት።» ግማሹ እውነት ነው። የሁለቱም አዘጋጅ ኩዊን ማርቲን ነው፣ ጣቢያቸውም አንድ ነው፤ በ1967 መጀመሪያማ ሁለቱም የሚታዩት በዚያው ማክሰኞ ምሽት ነበር። በየሳምንቱ አዲስ ከተማ፣ አዲስ ሥራ፣ የሚያምን ወይም የማያምን አዲስ ሰው። ነገር ግን የ«ዘ ፊዩጂቲቭ» ባለታሪክ፣ ሚስቱን ገድሏል ተብሎ የሚሳደደው ዶክተር ኪምብል፣ እውነተኛውን ገዳይ፣ ባለ አንድ እጁን ሰው፣ ከያዘ ጣጣው ያልቃል። ሮይ ቲነስ የሚጫወተው አርክቴክቱ ዴቪድ ቪንሰንት፣ ወራሪዎቹ መምጣታቸውን አውቆ ሌላውን ለማሳመን የሚንከራተተው የ«ዘ ኢንቬደርስ» ባለታሪክ፣ ግን ይዞም እጁ ባዶ ነው። የፊልሙ ፈጣሪ ላሪ ኮኸን ያዋቀረው ማስረጃ እንዴት እንደሚጠፋ ነው፤ ዛሬም ደግመን ብናየው የማይሰለቸው በሳህኖቹ ሳይሆን በዚህ ነው።

አሠራሩን በቅርብ እንየው። ወራሪ ሲሞት በቀይ ብርሃን ይግላል፣ ከነልብሱ ይነዳል፣ የሚቀረው ጥቁር አመድ ብቻ ነው። የነካው ዕቃም አብሮት ይቃጠላል፤ ስለዚህ ሊሞት የተቃረበ ወራሪ መሣሪያው በሰው እጅ እንዳይገባ ሆን ብሎ ጨብጦት ይሞታል። ሰው ሲገድሉ ደግሞ እጅ ውስጥ የምትያዝ፣ አምስት ነጭ መብራቶች ያሏት ክብ መሣሪያ ማጅራት ላይ ያሳርፋሉ። ሟቹ በጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ የሞተ ይመስላል። ሐኪም ይፈርማል፣ ቤተሰብ ይቀብራል። የእነሱ ሬሳ ይጠፋል፣ የእኛ ሬሳ ይዋሻል። ከዚህ በኋላ አመድ በወረቀት ጠቅልሎ ባለሥልጣን ፊት የሚቀርብ ሰው ምን እንደሚባል መገመት አያስቸግርም።

ደካማ ጎናቸው መብራት ነው። የሰው መልካቸው እንዳይፈርስ በየጊዜው ማደሻ ቱቦ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ቱቦው ደግሞ ኤሌክትሪክ በገፍ ይበላል። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ክፍል የቪንሰንት ፍለጋ ኪኒ በምትባል ትንሽ ከተማ ኃይል ማመንጫ ውስጥ የሚያበቃው። አዘጋጁም በዚህ ሁሉ አልተጎዳም። በየሳምንቱ የጭራቅ ልብስ መስፋት የለም፤ ተራ ተዋናይ፣ ተራ ኮት፣ መጨረሻ ላይ ቀይ ብርሃን። በጀቱ ጠቦ የተወለደ ፍርሃት ነው ብል ብዙም አልሳሳትም።

በጆሴፍ ሳርጀንት ዳይሬክተርነት የተሠራው ያ የመጀመሪያ ክፍል፣ «ቢች ሄድ»፣ አንድ ትንሽ ነገር ይሠራል፤ እኔ ከፊልሙ ሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። ቪንሰንት ሌሊት ደክሞት፣ አቋራጭ ሲፈልግ መንገድ ስቶ፣ «በድስ ዳይነር» የሚል ሰሌዳ ካለበት የተዘጋ ምግብ ቤት አጠገብ መኪናውን ያቆማል። ሳህኑ ሲያርፍ የሚያየው እዚያ ነው። በኋላ ሌሎችን ይዞ ሲመለስ ሰሌዳው «ኬሊስ ዳይነር» ይላል። ይኸው ነው። ፍንዳታ የለም፣ የጠፋ ሕንፃ የለም፣ አንድ ስም ተቀይሯል። ሳህን አየሁ የሚልን ሰው ማመን ቀድሞም ከባድ ነው፤ የምግብ ቤቱን ስም እንኳ በትክክል ያልያዘን ሰው ማን ያምናል?

የታወቀው ምልክት ግን ጣቷ ናት። አብዛኞቹ ወራሪዎች ትንሿ ጣታቸው አትታጠፍም፤ ብርጭቆ ሲያነሱ ተገትራ ወደ ጎን ትወጣለች። (እኛ የምንጠቁመው በሌባ ጣት ነው፤ እዚህ የምትጠቆመው ትንሿ ሆነች።) ምልክቷ ለጥቂት ክፍሎች ያህል ግሩም ነው። ሰው ሁሉ እጁን ኪሱ ሲከት እንጠረጥራለን። ከዚያ ግን ደራሲዎቹ ምርኩዝ አደረጓት፤ ጣቷ ስትታይ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ጥርጣሬው እዚያው ይሞታል። ጣታቸው የሚታጠፍ የተሻሻሉ ወራሪዎች መምጣታቸው ትንሽ አድኗታል።

ሌላው ቀዳዳ ይብሳል። ወራሪዎቹ የልብ ምት የላቸውም፣ ሲቆረጡም አይደሙም። እንግዲያው የልብ ምት ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ጤና ረዳት ሴራውን በሙሉ ሊያጋልጥ ይችል ነበር። ፊልሙ ይህን ያውቃል፤ ግን ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ ያልፋል።

በሁለት ሲዝን የተሠሩት 43 ክፍሎች ናቸው፤ 17 በመጀመሪያው፣ 26 በሁለተኛው። እያንዳንዱ 50 ደቂቃ ገደማ ነውና ሁሉንም ለመጨረስ ወደ 36 ሰዓት ይፈጃል። አይመከርም። እንደ ማርቲን ሌሎች ሥራዎች እያንዳንዱ ክፍል በአራት ገቢርና በመዝጊያ የተከፈለ ነው፣ የገቢሩም ስም ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። በተከታታይ ሦስት ካያችሁ ቪንሰንት መቼ እንደሚያዝና ምስክሩ መቼ እንደሚሞት በሰዓት ማስላት ትችላላችሁ። በሳምንት አንድ እንዲታይ የተሠራ ነገር በአንድ ሌሊት ሲዋጥ ያንቃል።

ከ«ቢች ሄድ» ቀጥሎ «ዘ ሚውቴሽን» ይታይ፤ ሱዛን ፕሌሼት ስሜት የበቀለባትን ወራሪ ትጫወታለች፣ ቪንሰንትን ወጥመድ ውስጥ ማስገባት ያለባት እሷ ናት። «ቪኮር» ላይ ጃክ ሎርድ ማደሻ ቱቦዎቹን የሚያመርትላቸው ባለፋብሪካ ነው፤ የጦር ጀግና የነበረ ሰው እያወቀ ሲያገለግላቸው ማየት ከሳህኑ በላይ ያስደነግጣል። «ዘ አይቪ ከርተን» ወራሪዎች ሰው መምሰልን የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ያሳያል። ከሁለተኛው ሲዝን አንድ ብቻ ምረጥ ብባል «ዘ ትራያል»ን አነሳለሁ፤ የቪንሰንት ወዳጅ በነፍስ ግድያ ተከሶ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ሟቹ ግን ወራሪ ነበርና ሬሳ የለም። የአመድ ሕጉ እስከ ጥጉ የተሞከረው እዚህ ነው።

በዲሴምበር 1967 የታየው «ዘ ቢሊቨርስ» ላይ ለመግዛት የሚያስቸግረኝ ለውጥ መጣ። በኢንዱስትሪ ባለቤቱ ኤድጋር ስኮቪል ዙሪያ የተሰባሰቡ፣ ቪንሰንትን የሚያምኑ ሰዎች ቡድን ተፈጠረ። ድግግሞሹን ለመስበር እንደታሰበ ይገባኛል። ግን የፊልሙ ጉልበት የነበረው ብቸኝነቱ ነው፤ የሚደውልለት ሰው ያለው ቪንሰንት ሌላ ቪንሰንት ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 1968 የመጨረሻው ክፍል ታየና ጦርነቱ ሳይቋጭ ፊልሙ ቆመ። በ1995 ስኮት ባኩላ የተወነበት ባለ ሁለት ክፍል አዲስ ቅጂ ሲሠራ ቲነስ ያረጀውን ቪንሰንት ሆኖ ጥቂት ታየ። በዓመቱ «ዘ ኤክስ ፋይልስ» በተባለው ሌላ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ጄረማያ ስሚዝ ሆኖ መጣ፤ በእጁ ዳስሶ የሚፈውስ፣ በመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት በጸጥታ የሚሠራ ሰው። ከሌላ ዓለም የመጣው በዚህኛው ጊዜ እሱ ነው፣ ጣቱም ደህና ይታጠፋል።