ሁለት ሰው ምን ብሎ አድማ ይመታል?

ሰሞኑን ሦስት ወዳጆቼ የአሜሪካን የጭነት ባቡር ሠራተኞች ነገር አንስተው ሲነታረኩ አመሹ። አንደኛው እዚያው ኮንዳክተር ነበር፤ ከነጂው ጋር ሆኖ የጭነቱን ባቡር የሚመራ። ሥራውን ከለቀቀ ቆይቷል፤ ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር አሁንም ከመቀመጫው ብድግ ይላል።

«በፈረንጆቹ 2022 የሠራተኛ ማኅበሩን ጥሪ ሳትጠብቁ አድማ መምታት ነበረባችሁ» አለው አንዱ፣ ሞቅ ብሎት። «አራት ማኅበራት ከባቡር ኩባንያዎቹ ጋር የተደረገውን የሥራ ስምምነት አንፈልግም አሉ። ኮንግረስ በግድ ጫነባችሁ፣ ባይደን ፈረሙ፣ አለቀ። የሰባት ቀን የሕመም ፈቃድ እንኳ ሴኔት ላይ በ52 ለ43 ወደቀ፤ 60 ድምፅ ያስፈልግ ነበራ!»

«ማን ከማን ጋር ይመታል?» አለ ኮንዳክተሩ። «ማኅበሩ 12 ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይደወልልሃል፣ ተነስተህ ትሄዳለህ። ሎኮሞቲቩ፣ ባቡሩን የሚጎትተው ሞተር ውስጥ ያለነው እኔና ነጂው ብቻ ነን። እሱ በአንድ ማኅበር፣ እኔ በሌላ። የእሱ ማኅበር ስምምነቱን አጸደቀ፣ የእኛ ጣለው።»

ሦስተኛዋ ጣልቃ ገባች። «የፖስታ ሠራተኞቹስ? በ1970 ለእነሱ አድማ በሕግ ክልክል ነበር። የላይ መሪዎቻቸውን አልሰማም ብለው ከኒውዮርክ ጀመሩ፤ 200,000 ገደማ ደረሱ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወታደር ላኩ። ወታደሩ ደብዳቤ መለየት ከየት ይምጣለት? ደመወዝ ተጨመረ፣ የመደራደር መብትም መጣ።»

«1981ንም ቁጠሪያ!» አላት ኮንዳክተሩ። «ፕሬዚዳንት ሬገን አድማ የመቱ ከ11,000 በላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን አላባረሩም?»

እዚህ ላይ ዝም አሉ። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁለቱም አድማዎች ሕገ ወጥ ነበሩ፤ አንዱ ሰመረ፣ ሌላው ከሸፈ። እንግዲህ ሕጉ ብቻውን አይደለም የሚወስነው። ተቆጣጣሪዎቹ ሲወጡ የአውሮፕላን አብራሪዎቹ መብረር አላቋረጡም፤ ብቻቸውን ቀሩ። የፖስታ ሠራተኞቹ ግን በአንድ አዳራሽ መቶ ሆነው ጎን ለጎን ቆመው ነበር ደብዳቤ የሚለዩት።

ስለዚህ ማኅበር ያልጠራው የባቡር አድማ ከተነሳ፣ ከሎኮሞቲቭ ውስጥ ይነሳል ብዬ አልጠብቅም። ሐዲድ የሚጠግኑትን ነው የማየው። በቡድን ይጓዛሉ፣ ከቤታቸው ርቀው አንድ ሞቴል ያድራሉ፣ ማታ አብረው ይበላሉ። ስምምነቱን ከጣሉት አራቱ አንዱም የእነሱ ማኅበር ነው። ይህን ስነግረው ኮንዳክተሩ ሳቀ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ እነሱን የሚያውቃቸው በመስኮት እጁን እያውለበለበላቸው ሲያልፍ ብቻ ነው።