ርኅራኄ ከነአበሉ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እንስሳት ጠበቃ የላቸውም የሚል ካለ ይታረም። ጠበቃ ሞልቷቸዋል። ባነር አላቸው፣ ብሮሹር አላቸው፣ በስማቸው የታተመ ኮፍያና ቲሸርት አላቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሆቴል አዳራሽ ገብቶ ሁለት ቀን ሙሉ የሚጨነቅላቸው ወገን አላቸው። ጭንቀቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጀመራል፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ለሥጋ ሳምቡሳ ይቋረጣል፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጥብስ ይቀርብለታል። ይህን ያህል የሚደክም ወገን ሳይመሰገን ቢቀር ነውር ነውና ምሥጋናውን እኛ እንጀምረው።

መጀመሪያ መመስገን ያለበት የቀን አመራረጡ ነው። የእንስሳት ደኅንነት ዓውደ ጥናት የሚያዘጋጅ ሰው የቀን መቁጠሪያ ዘርግቶ ሲሰርዝ ይውላል። ረቡዕና ዓርብ ይሰረዛሉ። የሁዳዴ 55 ቀን ይሰረዛል። የገና ጾም ከአርባ ቀን በላይ ነው፣ እሱም ይሰረዛል። ፍልሰታም እንዲሁ። ረመዳንማ ጨርሶ አይነሳም፤ ደሴ ላይ በረመዳን ምሳ ጠርቶ ማን ሊመጣ? በጾሙ ቀን የሆቴሉ ወጥ ቤት ከሽሮና ከምስር አያልፍም፣ ተሳታፊው ቅር ይለዋል፣ በግምገማ ቅጹ ላይ «መስተንግዶ» የሚለው ነጥብ ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ስለ በግና ስለ በሬ የሚመከረው በግና በሬ በሚታረድበት ቀን ብቻ ነው። ጾመኛው ማንም ሳያሠለጥነው ቢላዋውን ያስቀመጠበት ግማሽ ዓመት ገደማ «ለጉዳዩ የማይመች ወቅት» ተብሎ ይታለፋል። ይህን ለማሰብ በእውነት ተሰጥኦ ይጠይቃል።

ቀጥሎ ይዘቱ አለ። መብራት ካለ ፕሮጀክተሩ ይበራል፤ የመጀመሪያው ስላይድም አምስቱ ነፃነቶች ናቸው። መነሻቸው እንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የብራምቤል ኮሚቴ የሚባለው ቡድን የእርባታ እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ገላውን ማጽዳትና እግሩን መዘርጋት ይቻለው የሚል ሪፖርት አቀረበ። በ1979 ደግሞ አንድ ምክር ቤት ነገሩን አሰፋፍቶ ዛሬ የሚታወቁትን አምስቱን አወጣ፦ ከረሃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነፃ መሆን፣ እንዲሁም እንደ ተፈጥሮ ጠባይ መኖር። ድንቅ ናቸው። የአገልግሎት ክልላቸው ብቻ ትንሽ አጠር ይላል፤ እስከ ቄራው በር ያደርሳሉ፣ ከዚያ ወዲያ ወራጅ አለ።

የዘመቻ ድል ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ የዶሮዋን ነገር ይመልከት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 መመሪያ አወጣና ተራውን የሽቦ ኬጅ ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ ከለከለ። ለአንዲት ዶሮ 550 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሰጥ የነበረው ቦታ ወደ 750 ከፍ አለ። ቆጥ፣ እንቁላል መጣያ ጎጆና መጫሪያ ተጨመረላትና «የበለጸገ ኬጅ» ተባለ። ካሬ ሳንቲ ሜትር ለማይዋጥለት የወሎ ሰው በምጣድ እናስላው። ስፋቱ 58 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምጣድ የሚያወጣው እንጀራ 2640 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በድሮው ኬጅ ልክ አንድ እንጀራ ላይ አምስት ዶሮ ለመቆም ምንም አይቀራት ነበር፤ በአዲሱ ኬጅ ልክ ሦስት ተኩል ትቆማለች። ግማሿ በየትኛው እግሯ እንደምትቆም መመሪያው አላብራራም። ከመመሪያው እስከ እገዳው ደግሞ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሽግግር ጊዜ ተሰጠ። የእንቁላል ዶሮ ገና ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ ስትሆን እንደምትወገድ ለሚያውቅ፣ ስምንት ዙር ያህል ዶሮ ድሉን ሳታይ ገብታ ወጥታለች ማለት ነው። ለማንኛውም ጭብጨባው ይገባል።

ጭራሽ ኬጅ የሌለበት እንቁላልስ? እሱ እንኳ ሌላ ጉድ አለው። ኮምቦልቻ የዶሮ ማባዣ ማዕከል ያላት ከተማ ስለሆነች ጫጩት በ21 ቀን እንደሚፈለፈል ለማስረዳት አንደክምም። ቦቫንስ ብራውን የሚባለውን የእንቁላል ዶሮ ዝርያ ያረባ ሁሉ እንደሚያውቀው ሴቷ ከቅርፊቱ ስትወጣ ቡናማ ናት፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ለመለየት ዓይን እንጂ ባለሙያ አያስፈልግም። ወንዱ እንቁላል አይጥል፣ እንደ ሥጋ ዶሮ ቶሎ አይደልብ። በትልልቆቹ የአውሮፓና የአሜሪካ መፈልፈያዎች ዕጣው በዚያው በመጀመሪያ ቀን በጋዝ ወይም በመፍጫ ማለቅ ሆኖ ኖሯል። ጀርመን ይህን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ነው። ካርቶኑ ላይ ግን ሣር ላይ የምትንጎራደድ ዶሮ ተስላለች፤ ወንድሟ ሥዕሉ ውስጥ የለም። ኬጅ የለሽ እንቁላል ሲያስመርቁ የነበሩ ድርጅቶች ስለ ወንድሟ ብዙም አለማንሳታቸው የጨዋ ልጅ ወግ ነው። ሠርግ ቤት መርዶ አይነገርም።

ወደ ደሴ ሰኞ ገበያ እንመለስ። ዶሮ እንዴት ተንጠልጥላ እንደምትሄድ ሁሉም ያውቃል፦ ሁለት ሁለት ሆነው እግራቸው በቃጫ ይታሰራል፣ ጭንቅላታቸው ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ እንዲያ እንደሆኑ ባጃጅ ላይ ይወጣሉ። እዚህ ላይ ብሮሹሩ ልክ ነው፣ እውነቱን መካድ አይገባም። ዶሮ ደረቷን ከሆዷ የሚለይ ዲያፍራም የላትም፤ ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ የአየር ከረጢቶቿን ይጫናቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ልቃና ብላ ስትራገብ ክንፏ ይሰበራል፣ የታፋዋ መጋጠሚያ ይወልቃል። መያዝ ያለባት ክንፏ ከጎኗ ጋር ተጣብቆ፣ በሁለት እጅ፣ ቀጥ ብላ ነው። ብዙ ከሆኑ ጎንና ጎኑ አየር የሚያስገባ ሣጥን ይዘጋጃል፤ ቆማ ጭንቅላቷን ቀና የምታደርግበት ከፍታም ያስፈልገዋል። ይህን የሚያደርግ ከማያደርገው ይሻላል፣ ክርክር የለውም። እንዲህ በክብር ተይዛ፣ ሳትደነግጥ፣ አንድ አጥንቷ ሳይጎዳ ቤት ትደርስና ዐሥራ ሁለት ብልት ትሆናለች። ያልተሰበረ ክንፍ ድስት ውስጥም ያምራል።

የበሬውም ጉዞ ተጠንቷል። ሐረጎን በአይሱዙ የወረደ ሰው ኩርባውን ያውቀዋል። የጭነት አልጋው መከፋፈያ ከሌለው በየኩርባው ከብቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይከመራል፣ ወለሉ ላይ አሸዋ ወይም ጭድ ካልተነሰነሰ ይንሸራተታል፣ የወደቀው አይነሳም፤ ይረገጣል። አሠልጣኙ ይህን በሐዘን ያወራና ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ዋናው ቁም ነገር ይገባል፦ የተጨነቀና የደከመ በሬ ጡንቻው ውስጥ ያለው ግላይኮጅን (የተከማቸ ስኳር) ስለሚያልቅ ከታረደ በኋላ ሥጋው በቂ አሲድ አይፈጥርም፣ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። አዳራሹ የሚነቃው ይሄኔ ነው። እስክሪብቶ ይወጣል። ርኅራኄ ለካ ኪሎ ላይ ዋጋ አለው! ከዚያ በኋላ ቢላዋው ምን ያህል ይሳል፣ ርዝመቱ ከአንገቱ ስፋት ሁለት እጥፍ ይሁን፣ በሬው ውሃ እየጠጣ ከመኖ ለስንት ሰዓት ይከልከል የሚለው ውይይት እስከ ሻይ ሰዓት ይደርሳል። ባይታረድስ የሚል ጥያቄ መርሐ ግብሩ ላይ ስላልተያዘ ሰዓት አይሻማም።

በምሥጋና በኩል ግን እኛ ገና ጀማሪ ነን። እ.ኤ.አ. በ2005 ፈላስፋው ፒተር ሲንገርና በርካታ ስመ ጥር የእንስሳት ድርጅቶች ሆል ፉድስ ለተባለው የአሜሪካ የምግብ መደብር ደብዳቤ ጻፉ። የክስ እንዳይመስላችሁ፤ መደብሩ ሥጋ ለሚሆኑ እንስሳት የርኅራኄ መለኪያ ሊያወጣ በመነሳቱ የአድናቆት ደብዳቤ ነው። ከዚያም ቀድሞ በ1824 ጭካኔን ለመከላከል የተመሠረተው አንጋፋው የእንግሊዝ ማኅበር፣ አር ኤስ ፒ ሲ ኤ፣ በ1994 በሥጋና በእንቁላል ማሸጊያ ላይ የሚለጠፍ የራሱን ምልክት ጀመረ። የሕግ ምሁሩ ጋሪ ፍራንሲዮን ይህ የበላተኛውን ሕሊና ያሳርፋል እንጂ እንስሳውን ከቢላዋ አያስጥለውም እያለ ለዓመታት ሲሞግት ኖሯል። እሱን ተዉት፤ ባነር የለውም።

ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር የማይበሉት የመጀመሪያዎቹ ቪጋኖችም ያው ጠባያቸው አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ዶናልድ ዋትሰንና ጓደኞቹ ወተትና እንቁላል ለማይነኩ ሰዎች በመጽሔታችሁ ጥቂት ቦታ ስጡን ብለው የእንግሊዝን የቬጂቴሪያን (ሥጋ የማይበሉ ሰዎች) ማኅበር ለመኑ። ተከለከሉና በኖቬምበር የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ትንሽ ቢታገሡ አንድ ስላይድ ይደርሳቸው ነበር።

በአህያ ጉዳይ ግን አገሩ ሁሉ አንድ ልብ ነው። ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. በሕዝብ ቁጣ ተዘጋ። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም ቆዳዋ እየተቀቀለ ኤጃው የሚባል የቻይና መድኃኒት የሚሠራባትን አህያ ለቆዳዋ ሲባል ማረድ እንዲቀር በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተስማሙ። ደግ አደረጉ። የማትበላ እንስሳ ጠበቃዋ ብዙ ነው፤ በግን የጎዳው መጣፈጡ ነው። ቄራውን ያወገዘው ሰው ራሱ በማግስቱ በደሴ ዳገት ሁለት ከረጢት ስሚንቶ ጭኖባት፣ ከሥሩ ያለው ልባድ አከርካሪዋ ላይ ተኝቶ ጀርባዋን ሲልጣት «ነይ ወዲህ» እያለ መንዳቱ ሌላ ጉዳይ ነው። (ልባዱ ግራና ቀኝ ወፍሮ አከርካሪው መሃል ክፍት ቢቀር ቁስሉ አይኖርም ነበር። ለዚህ ዶላር አያስፈልግም።)

ወደ ምሳው ስንገባ «በሳምንት አንድ ቀን ሥጋ ቢቀር ጥሩ ጅምር ነው» የሚል ፖስተር በሩ ላይ ይቀበለናል። የአሜሪካው ሥጋ የለሽ ሰኞ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ የእኛ ረቡዕና ዓርብ ትንሽ ቀደም ይላሉ። ለቪጋን ተሳታፊ ደግሞ ልዩ ዝግጅት አለ፦ የሐይቅ ዓሣ። ከውሃ ወጥቶ ለደቂቃዎች አየር እያጣ መሞቱ ከአምስቱ ነፃነቶች ከየትኛው ጋር እንደሚጋጭ የሚጠይቅ አይኖርም፤ ዓሣ ስላይዱ ላይ የለማ። ዓሣም አልበላም ላለ ተጋቢኖ ይመጣለታል፣ አስተናጋጁም «እርስዎ ጾሙን መቼ ነው የሚፈቱት?» ብሎ በአዘኔታ ይጠይቀዋል።

ተጋቢኖው ቅቤ የለበትም ይባላል። ቪጋኑ ጠርጣራ ነውና ሲቀዘቅዝ ይጠብቃል፤ ቅቤ ካለበት የሸክላው ጠርዝ ላይ ቢጫ ሽፋን ይረጋል በሚል። ይህ ምርመራ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ብዙም አያሳይ፤ ደሴ ብርድ ላይ ደግሞ ይዋሻል፤ የፓልም ዘይትም እዚያ ብርድ ላይ ይረጋልና። የሚሻለው አፍንጫ ነው፦ ኮሰረት ከሸተተ ቅቤ ይጠረጠራል። ወጥ ቤት ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ለማጣፈጫ ያህል፣ በማንኪያ ጫፍ»። ድርጅቶቹ ቢሰሙት በማንኪያ ጫፍ መሆኑን እንደ እመርታ ይመዘግቡት ነበር።

አልፎ አልፎ ከተሳታፊ አንዱ እጁን ያወጣል፦ ስለ እንስሳት ደኅንነት ሁለት ቀን ስንመክር ምሳውን ለምን በየዓይነቱ አናደርገውም? ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት በአንድ ትሪ ቢቀርብ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ይሆናል። ሁለት ዓይነት ሥጋ ለየብቻ ማሠራት፣ ለየብቻ ማቅረብ፣ «ይሄ የማን ነው?» እያሉ ክዳን መግለጥ ይቀራል፤ ሒሳቡም ይቀንሳል። አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ ይላል። ሰብሳቢው ሐሳቡን እጅግ ያደንቃል፣ ነገሩ ግን ደረጃ በደረጃ መሄድ እንዳለበት፣ ኅብረተሰቡም ገና ዝግጁ እንዳልሆነ በትሕትና ያስረዳል። ቃለ ጉባኤ ያዡ ታማኝ ነው፤ አንድ ነገር አይዘልም። «ልዩ ልዩ» በሚለው ርዕስ ሥር፣ ከማይክራፎኑ መጮኽና ከአዳራሹ ቅዝቃዜ ቀጥሎ በተራ ቁጥር 3 ያሰፍረውና «ፈጻሚ አካል» በሚለው ዓምድ ላይ ሰረዝ ያደርግበታል።