ማስተካከያ፦ የሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ የሚከፈለው ደባርቅ ነው

ከጎንደር ልጆች ይዘው ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚሄዱ ተብሎ ብዙዎች የተቀባበሉት ጽሑፍ የመግቢያ ክፍያ ፓርኩ በር ላይ ይፈጸማል ይላል። ስህተት ነው። በፓርኩ የጎብኚዎች መመሪያ መሠረት ክፍያው የሚፈጸመውም፣ አብሮ የሚሄደው ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) የሚመደበውም ደባርቅ ባለው ጽሕፈት ቤት ነው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሳይከፍል ያለፈ ከበሩ ይመለሳል። ኋላ ወንበር ላይ ልጅ እያለቀሰ ያንን መንገድ መደጋገም በጣም ከባድ ነው።

ጽሑፉ ከፍታውንም ዘሎታል። ፓርኩ ውስጥ ያለው የሳንቃበር ካምፕ 3,250 ሜትር ገደማ ነው፤ ጎንደርን ከ1,000 ሜትር በላይ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ከፍታ ሊያሳምም ይችላል፤ ሕፃን ግን ራሴን አመመኝ አይልም። ከተነጫነጨ፣ ምግብ እምቢ ካለ ወይም ካስመለሰው፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ማየቱን ተዉትና ቶሎ ወደ ታች ውረዱ።