ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን

የጎንደር ደብዳቤ በጤና ነው የሚጀምረው። አስጻፊው አልጋ ላይ ቢሆን፣ ጣሪያው ቢያፈስ፣ በሬው ገደል ቢገባ መግቢያው አይለወጥም። «ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ልጄ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን በጣም ደህና ነን።» ይህን ሳይል በቀጥታ ወሬ የጀመረ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ገንዘብ ቸግሮታል።

ሰላምታው ብቻ አንዱን ገጽ ይበላል። ከዚያ ከብቶቹ ይመጣሉ። ቡሬዋ ላም ወለደች። ዶሮዎቹን ፈንግል ጨረሳቸው። የእነ እንትና ልጅ በጥር ተዳረች፤ ባልየው ሹፌር ነው ይላሉ፤ ሌላም ይላሉ። ጤፍ ተወደደ። (ጤፍ ያልተወደደበት ደብዳቤ እስካሁን አላየሁም።) በመጨረሻ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሁለት ሦስት መስመር ሲቀረው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሹልክ ብላ ትገባለች፦ «አጎትህንም ትንሽ ብርድ ቢጤ ነክቶት ነበር። አሁን ለክፉ አይሰጥም።»

በደብዳቤ ያደገ ሰው ከብቶቹን ሁሉ ዘሎ መጀመሪያ የሚፈልጋት ይህችን ነው።

ብርድ የማይሆን በሽታ የለም። ጨጓራም ብርድ ነው፣ ኩላሊትም ብርድ ነው፣ ወገቡን የያዘውም ሰው ብርድ ነው የመታው። ጎንደር እንዲህ የምትለው በሽታ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ደምቢያ ላይ ወባ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚሁ ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ጤና መኮንኑን፣ ነርሱን፣ በኋላም ሐኪሙን ስታስመርቅ ኖራለች። ነጭ ጋውን የሚለብስ ልጅ የሌለው ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ያቺው የሐኪም እናት፣ ልጇ በእጁ ጽፎ የሰጣትን የበሽታ ስም አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ትቋጥርና፣ አዲስ አበባ ላለው ለታናሹ «ብርድ ነው» ብላ ታስጽፋለች።

ብርድም እድገት ያገኛል። በሚቀጥለው ደብዳቤ «ትንሽ ጠና ብሎበት ነበር» ይባላል። ቀጥሎ «ጠበል ገብቷል»። ቀጥሎ «ስምህን ያነሣል»። «ለበዓሉ ብትመጣ ደስ ይለዋል» የሚለው ከደረሰህ ግን ቲኬት ቁረጥ። የትኛው በዓል እንደሆነ አትጠይቅ።

ይህን ሥራ ከውስጥ ነው የማውቀው። ተማሪ ሳለሁ የሰፈራችን ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርሁ። ክፍያዬ ቆሎ ነው፤ ሲደላቸው ድፎ ዳቦ። ከደንበኞቼ ሁሉ የሚከብዱኝ አንዲት ጎረቤታችን ነበሩ።

«ደህና ነን በል» ይሉኛል፣ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው።

«እትዬ፣ እግርዎ እኮ አብጧል።»

«ታዲያ በእግሬ ነው የምትጽፍ? ደህና ነን በል።»

እጽፋለሁ።

«ዶሮዋ 11 ፈለፈለች በል።»

«ሰባቱን ጭልፊት ወሰዳቸው አይደል?»

«ተወው እሱን። ልጄ በሰው አገር ሆኖ ስለ ጭልፊት ይጨነቅ?»

«ሐኪም ቤት የሄዱትንስ?»

«የሰው በሽተኛ ልጠይቅ ሄጄ ነበር በል። አይ፣ እሱንም ተወው። ሐኪም ቤት ሲባል ራሱ ይደነግጣል። ጤፍ ተወደደ በል።»

መልሱ ሲመጣ የማነበውም እኔው ነኝ። ልጁም የእናቱ ልጅ ነው። ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ ወባ ሲያንቀጠቅጠው ሰንብቶ፣ «የአገሩ አየር ተስማምቶኛል» ብሎ ይጽፋል። እትዬ ሁለቴ አስነበቡኝና «አሞታል» አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ ተስማምቶኛል ነው የሚለው።»

«ሁመራ የተስማማው ሰው ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር።

በዚያ ላይ ደብዳቤ የግል ነገር አልነበረም። ምኒልክ ፖስታን ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ የእኛን በር ያንኳኳ ፖስተኛ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ደብዳቤ የሚላከው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው፣ ሳጥን ያለው ደግሞ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ፒያሳ ካለው፣ በጣሊያን ጊዜ ከተሠራው ፖስታ ቤት ይወጣና፣ በትምህርት ቤቱ ሳጥን በኩል አድርጎ፣ ዘበኛው ለአስተማሪው፣ አስተማሪው ለተማሪው እየሰጠ ሰፈር ይደርሳል። እስኪደርስ ድረስ ያገኘው ሁሉ ፖስታውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አይቶታል። የቸኮለ ሰው ደግሞ በአውቶቡስ፣ ለመንገደኛ አደራ ይሰጣል፤ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከበርበሬ ጋር ታሽቶ አዲስ አበባ የደረሰ ደብዳቤ ሲከፈት ያስነጥሳል። ተቀባዩ ዓይኑን ሲጠርግ በወሬው ይሁን በበርበሬው አይለይም።

ይህ ሁሉ ለበሽታ ነው። ሞት ግን በደብዳቤ አይጻፍም። አራት ነጥብ። ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። አራዳ ገበያ ጌሾ የምትሸጠው ሴት ሳትቀር ትሰማለች። ያልሰማው ርቆ ያለው ልጅ ብቻ ነው። እሱ ገና «ብርድ» ላይ ነው ያለው።

አጎቴ ያረፈ ጊዜ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርሁ። «ፈተና ላይ ነው፣ እንዳይሰማ» ተባለ። ደብዳቤው እንደ ወትሮው ይመጣል። የሚጽፈው በእኔ እግር የተተካው ጎረምሳ ነው፤ እጅ ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ልኩን ግን አያውቅም። አጎቴ በሕይወቱ ሰላምታ የማያባክን ሰው ነበር። በደህናው ጊዜ «ሰላም በሉት ብሏል» ከመጣልኝ እድለኛ ነኝ። ካረፈ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ፍቅር ሆነ። «አጎትህ እጅግ በጣም አድርገህ ናፍቀኸዋል፣ ውል ውል ትለኛለህ ብሎሃል፣ ሁለት ጉንጭህን ይስምሃል።» አጎቴ እኔን ስሞኝ አያውቅም። ሌላ ሰው ሲስምም ያየው የለም።

በዚያው ደብዳቤ ግርጌ ደግሞ «ለድግሱ ጌሾ ገዝተናል» የምትል አመለጠች። ወሩ ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ ሠርግ የለም። የክርስትና እንዳይባል ቤታችን ውስጥ የወለደ የለም። በጾም የሚጠመቅ ጠላ የተዝካር ነው። ተዝካር ካለ የሞተ አለ። ማን ነው? ሰላምታውን ስም በስም ቆጠርሁት፤ የቀረ የለም፣ ሁሉም ሰላም ብለውኛል። ከሁሉም አብልጦ ሰላም ያለኝ አጎቴ ነው።

እሱ ነው አልሁ።

ማወቄን ግን አልነገርኋቸውም። እንዴት ብዬ? ሰው ደክሞ ያዘጋጀውን ነገር ማፍረስ ነው። ስለዚህ እኔ «ለአጎቴ ሰላም በሉልኝ» እላለሁ፣ እሱም በደብዳቤ ይመልስልኛል። እንደዚያ ተዋደን አናውቅም። ክረምት ላይ አገር ስገባ አጎቴ «ቆላ ወርዷል» ተባልሁ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ የንስሐ አባታችን፣ የእድሩ ዳኛ፣ ዘመድ አዝማዱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቤቱን ሞልቶታል። አንዱ ትከሻዬን ያዘ፣ ሌላው ጫማዬን ደበቀ (ወጥቶ እንዳይሮጥ ነው)። ቀድሜ ስለማውቅ ለቅሶው እንዳይነጥፍብኝ ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴ ከንቱ ነው። እናቴ «ወንድሜን!» ስትል በወራት የተጠራቀመው ሁሉ ባንዴ መጣ።

ይህን የምናደርገው «ብቻውን ነው፣ ይደነግጣል» ብለን ነው። እኔ ግን ድንጋጤው ሰበብ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ የማይፈቀደው ለብቻ ማልቀስ ነው። አንድ ልጅ የተማሪ አልጋ ላይ ተደፍቶ ለብቻው ቢያለቅስ ማን ደረቱን ሲመታ እጁን ይይዝለታል? ማን «በቃ፣ በቃ፣ እግዜርን አታስቀይም» ይለዋል? ደግሞ ማን ያየዋል? ይቺም አለችበት። ማን እንዴት እንዳለቀሰ፣ ማን ዓይኑ እንዳልረጠበ፣ ሳምንቱን የሚወራው ከቡና ጋር ነው።

ሕጉ ባሕርም ተሻግሯል። አሜሪካ ያለ ልጅ ዘመድ ሲሞትበት ጎንደር መጀመሪያ የምትደውለው ለጓደኛው ነው። ጓደኛው ሌሎች ጓደኞች ይጠራል፣ እነሱ ከሥራ ፈቃድ ይወስዳሉ፣ ከመካከላቸው አንዷ ሽሮ ትሠራለች። ማክሰኞ ማለዳ በሩን ሲከፍት አምስት ሐበሻ ድስት ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እዚያ አገር በሥራ ቀን ማንም ማንንም እንደማይጠይቅ እሱም ያውቃል። ገና «ግቡ» ሳይል ማልቀስ ይጀምራል፤ ማን እንደሞተበት የሚጠይቀው ቆይቶ ነው።

ይህ ሁሉ ዝግጅት አሁን አሁን በፌስቡክ እየተበላሸ ነው። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ለእሑድ ቀጥረው፣ ሰው ተመርጦ፣ ንግግር ተዘጋጅቶ ሳለ፣ አርብ ማታ የአክስት ልጅ የባል ወንድም ተነሥቶ የሟቹን ፎቶ ከሻማ ጋር ይለጥፋል። «ነፍስ ይማር፣ ደጉ ሰው።» ደጉን ሰው ሁለት ጊዜ ቢያገኛቸው ነው። ከዚያ ሩጫ ነው። ጎንደር ለአዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ ለአሜሪካ ይደውላል፦ «ስልኩን ቀሙት!» አንድ የማውቀው ልጅ ጓደኞቹ በየተራ «ስልክህን እስኪ አንዴ» እያሉ ሁለት ቀን ሙሉ አዙረውበታል። ስልኬ ውስጥ ምን አይተውብኝ ይሆን ብሎ ሲጨነቅ የሰነበተው እሱ በሌላ ጉዳይ ነው።

የቤተሰብ ቴሌግራም ቡድንም አለን። በየማለዳው የእመቤታችን ሥዕልና «መልካም ቀን» የሚል አበባ ይፈስበታል። ዋናው ወሬ ግን እዚያ አይነገርም። ዋናው ወሬ የሚነገረው እኔ በሌለሁበት ሌላ ቡድን ነው። ሌላ ቡድን እንዳለ ያወቅሁት፣ እኔም እህቴ የሌለችበት አንድ ቡድን ውስጥ ስላለሁ ነው። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አበባውም ሥዕሉም ቀረ። በስልክ ደውለን «ደህና ናችሁ?» ስንል ግን መልሱ አንድ ፊደል አልጎደለውም፦ ከናፍቆትህ በቀር።

እኔም ታዲያ ዘዴ አወጣሁ። አሁን ስደውል ስም ጥሪ አደርጋለሁ። «ለእገሌ ስጡልኝ፣ ለእገሊት ስጡልኝ» እያልሁ ሁሉንም በድምፅ አረጋግጣለሁ። «ተኝተዋል» የሚል መልስ አልቀበልም። ባለፈው በዓል እናቴ መጀመሪያ ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። «ስኳር አለብሽ ብለውኛል» አለች ቀስ ብላ። «ለአክስትህ እንዳትነግር። ትደነግጣለች።» አክስቴ የሚኖሩት እዚያው ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ነው።

ቀጥሎ አክስቴ መጡ።

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ? በየሳምንቱ ለእሷ ስጡኝ፣ ለእሷ ስጡኝ። ሬሳ መሰልሁህ?»

«ኧረ እትዬ፣ ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው።»

«ሰማህ? አለሁ። በል ከደወልህ አይቀር፣ ያ የደም ግፊት መድኃኒት እዚህ ጠፍቷል፣ ካገኘህ ላክልኝ። ለእናትህ ግን እንዳትነግር።»

«እሺ።»

«ስኳር ይዟት እኔን ደብቃኛለች። ማወቄንም እንዳትነግራት።»