መገናኘታቸውን የማያውቁ ሰዎች

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የማይተዋወቁ የከተማ ሰዎችን ሕይወት የሚያጠላልፉ ፊልሞች አጋጣሚ ይበዛባቸዋል ይላል። በከፊል እስማማለሁ። ግን እስቲ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን የዳይሬክተር ሮበርት አልትማንን «ሾርት ከትስ» የተሰኘ ፊልም ድጋሚ እዩት። አንዲት የምግብ ቤት አስተናጋጅ በመኪናዋ አንድ ልጅ ትገጫለች። ልጁ ተነስቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሷም ተረፈ ብላ እፎይ ትላለች። ልጁ ግን በኋላ ይሞታል፤ እሷ ይህን ጨርሶ አታውቅም! የልደቱን ኬክ የጋገረው ሰውዬ ደግሞ፣ ኬኩን የሚወስድ ሲያጣ፣ ስልክ እየደወለ ወላጆቹን ይነዘንዛል። ልጁ ሆስፒታል መተኛቱን አልሰማም። ይሄ ነው አንጀቴን የበላው። አንዱ የሌላውን ሕይወት ነክቶ ያልፋል፣ ዞር ብሎ እንኳ አያይም። እንዲህ ያለውን አጋጣሚ ማን ይጠላዋል? መጨረሻ ላይ ሁሉንም በአንዴ የሚያናውጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ለእኔም በዛብኝ።