ቦዩን ማን ይጥረገው?

ባለፈው ሐምሌ የአክስቴ ባል አርፎ ለለቅሶ ወደ አገር ቤት ስሄድ፣ አስፋልቱ አልቆ ፒስታው ከጀመረ ብዙም ሳንርቅ ሚኒባሱ ቆመ። ሦስት ልጆች አካፋ ይዘው መንገዱ መሀል ቆመዋል። ትልቁ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ጉድጓዱን በድንጋይና በአፈር ሞልተው ሹፌሩን «ጋሼ፣ የሻይ» ይሉታል። ረዳቱ በመስኮት አሥር ብር ሰጣቸው። የእኔ ዓይን የሄደው ግን ከጉድጓዱ ዳር ወዳለው ቱቦ ነው። አፉ በደለልና በፌስታል ተደፍኗል። ውሃው መውጫ ሲያጣ መንገዱ ላይ ወጥቷል፣ ያንን ጉድጓድ የቆፈረውም እሱ ነው። በአራተኛው ቀን ስመለስ የልጆቹ አፈር ታጥቦ ሄዷል፣ ጉድጓዱ ሰፍቷል፣ ልጆቹም እዚያው ናቸው።

ያንን ቱቦ ለመክፈት ሁለት ሰው፣ አካፋና ግማሽ ቀን ይበቃል። የማን ሥራ እንደሆነ ለቅሶ ቤት ውስጥ ጠየቅኩ። አንዱ የወረዳው ነው አለኝ፣ ሌላው የዞኑ፣ ሌላው የቀበሌው። በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም።

መንገድን የሚገድለው ዕድሜ ብቻ እንዳይመስለን። ትልቁ ገዳይ ውሃ ነው። አስፋልት ላይ ቀጭን ስንጥቅ ስትታይ በጊዜ ሬንጅ ካልተደፈነች ውሃው ሰርጎ ከሥር ያለውን ገረጋንቲ ያርሰዋል፣ በራሰው መሠረት ላይ ሲኖትራክ ሲያልፍበት አስፋልቱ ይሰምጣል፣ የሰመጠው ቦታ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ያቁራል። ሁለትና ሦስት ክረምት እንዲህ ካለፈ በኋላ ጥገና የሚባል ነገር የለም። ቆፍሮ እንደ አዲስ መሥራት ነው። የዓለም ባንክ በፈረንጆቹ 1988 ሰማንያ አምስት ታዳጊ አገሮችን ተመልክቶ ያወጣው ሒሳብ ይህንኑ ነው የሚለው፦ 12 ቢሊዮን ዶላር ለጥገና በጊዜው ባለመውጣቱ 45 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ መንገድ ጠፍቷል። ያኔ ትምህርት መሆን ነበረበት። እኛም ከሞላ ጎደል ያንኑ እየደገምነው ነው።

ያገኘነውን አልክድም። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር አገሪቱ የነበራት መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ2007 ከ110 ሺህ በላይ ደረሰ። ስንት እናት በቃሬዛ ከመሄድ ድናለች፣ ስንት ገበሬ እህሉን ገበያ አድርሷል። ግን እያንዳንዱ አዲስ ኪሎ ሜትር በየዓመቱ ቀለብ የሚፈልግ ከብት ነው። እኛ ከብቱን እናበዛለን፣ ስለ መኖው የሚያስብ ሰው ግን ጥቂት ነው። አዲስ መንገድ ሲመረቅ ባለሥልጣን ይመጣል፣ ካሜራ ይመጣል። ቦይ ሲጠረግ ማንም አይመጣም።

መኖው ታስቦበት ነበር እኮ። የመንገድ ፈንድ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፦ ከነዳጅ ላይ የሚቆረጥ ገንዘብ ለጥገና ብቻ ይዋል፣ ከሌላ በጀት ጋር አይቀላቀል። በመንገዱ የተጠቀመ ይክፈል ማለት ነው። ችግሩ በሊትር የሚቆረጥ ክፍያ የሬንጅ፣ የማሽንና የጉልበት ዋጋ ሲንር አብሮ ካላደገ ፈንዱ ስሙ ብቻ ይቀራል። ኬንያ በፈረንጆቹ 2024 ይህንን ክፍያ በሊትር ከ18 ሽልንግ ወደ 25 ሽልንግ ከፍ አድርጋለች። ሕዝቡ ተቆጥቷል፣ አልፈርድበትም። ግን ቢያንስ ክርክሩ በአደባባይ ነበር። እኛ ዘንድ ስንቱ ሰው ነዳጅ ሲቀዳ ለመንገድ እየከፈለ መሆኑን ያውቃል? የማያውቀውን ገንዘብስ እንዴት ብሎ የት ገባ ይላል?

ሌላም አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱን እደግፋለሁ፣ ዶላር ያድናል፣ አየርም ያጠራል። ሆኖም ነዳጅ አይቀዳም፣ ስለዚህ በነዳጅ በኩል ለመንገዱ የሚከፍለው የለም። ቦሎ ሲታደስ በክብደት የሚሰላ ዓመታዊ ክፍያ እሱም በደንብ ቢከፍል ይህ ቀዳዳ ይደፈናል። መኪናው ሲበዛ ከማሰብ ዛሬ መጀመር ይሻላል።

ክብደት ካነሳሁ አይቀር ስለ ጭነት መኪኖች አንድ ነገር ልበል። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ ለሙከራ በሠሩት መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲያመላልሱ ቆይተው ያገኙት ውጤት አለ፦ ጉዳቱ ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም፣ በጣም ይፈጥናል። በአንድ አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማን በሚያገናኘው ዘንግ፣ 10 ቶን እንዲሸከም በታሰበ መንገድ ላይ 12 ቶን ካለፈ ጉዳቱ በእጥፍ ገደማ ነው። 15 ቶን ካለፈ አምስት እጥፍ። ዓባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የተሻገረ ሰው አስፋልቱ እንደ ሊጥ ተገፍቶ ሲታጠፍ አይቷል። እርግጥ እዚያ መሬቱም ራሱ ይንሸራተታል። ግን ከልክ በላይ ጭኖ ፍሬን እየያዘ ቁልቁል የሚወርደው ተሳቢም ድርሻ አለው። ሚዛን ጣቢያ ላይ ሁሌ የሚያዘው ሹፌሩ ነው። ትርፉን የሚያገኘው ግን «ጫን» ያለው ባለ ጭነት ነው። ቅጣቱ ወደ እሱ ይሂድ።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ጊዜው ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ቦይና ቱቦ መጠረግ ያለበት ደግሞ ግንቦት ላይ ነው፣ ያለፈው በጀት ተሟጦ የአዲሱ ባልመጣበት ወር። አዲሱ ገንዘብ ሲለቀቅ ዝናቡ መንገዱን እየበላው ነው። እንግዲህ ለግንቦት የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ተለይቶ ይቀመጥ፣ ለሌላ ነገር እንዳይነካ።

ሥራውንም መንገዱ ዳር ላለው ሰው ስጡት። ፔሩ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ የገጠር መንገዷን ስታድስ ገበሬዎቹን በትንንሽ ማኅበር አደራጅታ የየአካባቢያቸውን መንገድ በውል እንዲጠብቁ አድርጋለች። ክፍያውን ከመንገዱ ሁኔታ ጋር ማያያዝ ነው ዋናው። ስንት ሜትር ኩብ አፈር ደፋህ ተብሎ ከተጠየቀ ሰው አፈር ሲደፋ ይኖራል። ቱቦው ክፍት ነው ወይ፣ ቦዩ ተጠርጓል ወይ፣ ሣሩ ታጭዷል ወይ ተብሎ ከተጠየቀ ግን ቱቦውን ይከፍታል። በየአሥር ኪሎ ሜትሩ የኃላፊው ስምና ስልክ የተጻፈበት ሰሌዳ ይቁም። መንገደኛው ደውሎ ይናገር።

የእነዚያ ልጆች አባቶች አካፋ አላቸው። መንገዱንም ከማንም በላይ ያውቁታል። ለአሥር ኪሎ ሜትር ውል ቢፈርሙ ልጆቹ መኪና መሀል ቆመው ሳንቲም አይለምኑም።

ሐምሌ ላይ ለሙት ዓመቱ በዚያው መንገድ እመለሳለሁ። ቱቦው ጋ ስንደርስ ሹፌሩን አስቁሜ ወርጄ አየዋለሁ።