የአንድ ቅዳሜ ዋጋ

ከቤቴ የምወጣው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። የምኖርባት የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ያን ጊዜ ገና አልነቃችም። ዋሽንግተንን የሚዞረው 495 የሚባለው አውራ ጎዳና ግን በዚያ ሰዓትም መኪና አያጣም፤ አብዛኛው እንደኔ ጎህ ሳይቀድ ሥራ ለመግባት የሚጣደፍ ነው። እኔ አዛውንት ተንከባካቢ ነኝ። ጠዋት አንድ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቤት እሠራለሁ። መንገድ ላይ የማሳልፋት ጊዜ ብቻ የራሴ ናት፤ ሬዲዮ የምከፍተውም ያኔ ነው።

ባለፈው መስከረም አንድ ጠዋት፣ ሁልጊዜ የማዳምጣቸው ሁለት አዘጋጆች ስለ ዕረፍታቸው ያወጋሉ። ወንዱ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ተራራ ወጥቶ፣ አራት ቀን ድንኳን ውስጥ አድሮ መመለሱ ነው። ሌሊት ዝናብ እንደመታቸው፣ ትንሹ ልጅ ድብ ከሩቅ አይቶ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ እንዳጣ ይተርካል። ሴቷ ትስቃለች። ልጆቹ ስልካቸውን ጥለው ወንዝ ዳር ጠጠር ሲለቅሙ ማየት ምን እንደሚመስል ሲናገር ድምፁ ለስለስ አለ፤ እኔም መሪዬን እንደያዝኩ ደስ አለኝ። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ። ሲመለሱ ርዕሱ ተቀይሯል፤ ደሞዛችሁ እስከሚቀጥለው ደሞዝ አልደርስ ያላችሁ ደውሉልን፣ አሉ።

አንዱ ደዋይ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። የመኪናው ጎማ ማለቁን እያወቀ እስከ አርብ ይጠብቃል፤ ደሞዝ የሚወጣው አርብ ነው። አንዲት ሴት የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደሞዟም ይቋረጣል። አዘጋጆቹ ከልባቸው አዘኑ፣ ምክርም ሰጡ። ነገር ግን የመጋዘን ሠራተኛውን "ልጆችህን ይዘህ ከከተማ የወጣኸው መቼ ነው?" ብሎ የጠየቀው የለም። ድንኳን ያደረውንም "አራቱ ቀን ተከፍሎህ ነው ወይስ ከኪስህ?" ያለው አልነበረም። ሁለቱ ወሬዎች በማስታወቂያ ተለያዩ። ለኔ ግን አንድ ወሬ ናቸው፤ ያን ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጡም።

እዚህ ያልኖረ ሰው ይህን ለማመን ይከብደዋል፦ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ማንም አሠሪ ለሠራተኛው ደሞዝ የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት እንዲሰጥ አይገደድም። ደህና መሥሪያ ቤት ይሰጣል፤ ያልፈለገ አይሰጥም። በሰዓት የሚከፈለው ሰው ከሥራ ቀረ ማለት ያ ቀን አልተከፈለውም ማለት ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.አ.አ. ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል። እኛ ሜሪላንድ ያለነው 15 ዶላር ደርሰናል፤ የቤት ኪራዩ ግን ከእኛ በፊት ቀድሞ ሄዷል። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ በየዓመቱ ሕዝቡን ይጠይቃል፤ ድንገት የ400 ዶላር ወጪ ቢመጣባችሁ በእጃችሁ ባለ ገንዘብ ትሸፍኑታላችሁ ወይ ይላል። እ.አ.አ. በ2023 አዎ ያሉት 63 በመቶ ነበሩ። ከቀሩት ውስጥ የሚበደር አለ፣ ዕቃ የሚሸጥ አለ፣ ጭራሽ የማይከፍልም አለ። ቁጥሩን ሳነብ የማውቃቸው ሰዎች ፊት ነው የመጣብኝ።

ፓርኩ ራሱ ግን ውድ አይደለም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ከቤቴ ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ገደማ ቢነዳ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ይደረሳል። አንድ መኪና ከነተሳፋሪዎቹ 30 ዶላር ከፍሎ ሰባት ቀን መመላለስ ይችላል። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያለው ቤተሰብ ደግሞ በነፃ ይገባል፤ በኦባማ ጊዜ፣ እ.አ.አ. በ2015 የተጀመረ ነገር ነው። ልጁ ኮምፒውተር ላይ ጥቂት ጥያቄ ይሠራና አንዲት ወረቀት ያትማል፤ ወረቀቷ እስከ ኦገስት 31 ታገለግላለች።

ልጄ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ናት። ወረቀቷን አትማ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈቻት። "እማዬ፣ መቼ ነው የምንሄደው?" ትለኛለች ወተት ባወጣች ቁጥር። እኔ ቅዳሜም እሠራለሁ። ቅዳሜ ብቀር የቀን ክፍያዬ ይቀራል፤ የምንከባከባቸው እናት ደግሞ ሌላ ሰው ሲገባ ይረበሻሉ። ሳምንቱ ሳምንትን ሲወልድ የወረቀቷ ጥግ መታጠፍ ጀመረ። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜዬን ያዘችልኝ፤ እኔም በምላሹ የፈረንጅ ገናን ልሠራላት ቃል ገባሁ።

ጥቅምት ላይ ሄድን። በፓርኩ አናት ላይ 105 ማይል የሚረዝም ስካይላይን የሚባል መንገድ አለ፤ ጋራ ለጋራ ይሄዳል፣ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው። ቅጠሉ ቀልቷል፣ ቢጫም ሆኗል። አንድ መቆሚያ ላይ ወርደን ፍርፍራችንን ከነሳህኑ አወጣን፣ ፔርሙዙን ከፈትን። ከፊታችን ተራራው እየተደራረበ ሄዶ ሄዶ ሰማያዊ ይሆናል። ልጄ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና "አንቺ አገር ያለው ተራራም እንዲህ ነው?" አለችኝ። ስለ ስሜን የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት፤ ዋልያውን፣ ጭላዳውን፣ ቀይ ቀበሮውን፣ እ.አ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ መመዝገቡን። "ስታዪው ምን አልሽ?" ስትለኝ አፌ ተያዘ። አላየሁትም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተወልጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አገሬ ኖሬ፣ ደባርቅ ደርሼ አላውቅም። አባቴም ሳያየው ነው የሞተው።

(ሸናንዶዋ ላይ ያን ቀን ሌላም ነገር አነበብኩ። ፓርኩ እ.አ.አ. በ1930ዎቹ ሲቋቋም 500 ያህል ቤተሰቦች ከጋራው ላይ ተነሥተዋል። ወዲያው ስሜን ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ትዝ አሉኝ፤ እነሱም ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። አንዳንዱ ለጉብኝት የሚወጣበት ጋራ ለሌላው የታረሰበትና የተቀበረበት ቦታ ነው።)

ጥር ላይ ለጥምቀት አዲስ አበባ ሄድን። ለትኬቱ ሁለት ዓመት አጠራቅሜያለሁ። ከሜክሲኮ ወደ መገናኛ በሚኒባስ ስንሄድ ሾፌሩ ኤፍ ኤም ከፍቷል። ሁለት አዘጋጆች ናቸው፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት። ሴቷ ለገና ቤተሰቧን ይዛ ላንጋኖ ሄዳ ነበር። ልጆቿ ውኃ ውስጥ ውለው ውለው ማታ እራት ሳይበሉ እንደተኙ ታወራለች፤ ልጅን ከከተማው አቧራና ጭስ ማውጣት ግድ ነው፣ ትላለች። እውነቷን ነው። ትንሽ ቆይተው የአድማጭ መልእክት ማንበብ ጀመሩ፦ ዘይት፣ ጤፍ፣ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ። መስከረም ላይ 495 ላይ የሰማሁት ፕሮግራም በአማርኛ የተደገመ ነው የመሰለኝ።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ሬዲዮኑን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ "እኛን ፋብሪካው በዓመት አንድ ጊዜ አውቶቡስ ተከራይቶ ሶደሬ ይወስደን ነበር፤ ከነልጆቻችን" አሉኝ። "ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሶደሬን አላየኋትም። ልጆቼ ግን አሁንም የሚያወሩት ያንኑ ነው።" ረዳቱ ወራጅ እያወረደ ስለነበር ወሬያችን ተቋረጠ።

ወንድሜ አንድ የግል ማተሚያ ቤት ውስጥ ይሠራል። በአገራችን ሕግ እሱ ከእኔ የተሻለ መብት አለው፤ ይህን ስነግረው ገረመው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ከነደሞዙ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ወንድሜ ዕረፍቱን ይወስዳል። የሚያሳልፈው ግን የሰው መኪና ተረክቦ ራይድ ሲሠራ ነው። "እታለም፣ ዕረፍት የምወጣው ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው" አለኝ፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የምልክለት ገንዘብ በብር ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እሱ ግን "ቁጥሩ ነው እንጂ የጨመረው፣ የምንገዛው ዘይት ያው ነው" ይለኛል። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ ከ1,100 ወደ 4,760፣ ከመስከረም 2018 ወዲህ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን በአገር ደረጃ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝ እስከዛሬ የለም። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ላለ አንድ ሆቴል ደውዬ የክፍል ዋጋ ስጠይቅ፣ የሁለት ሌሊቱ የወንድሜን የወር ደሞዝ ጠራርጎ የሚወስድ ሆነ። መኪናና ምግብ ገና አልተነሣም። ስሜንማ ሲነሣ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ "መንገዱ ሰላም ነው?" የሚል ነው፤ ገንዘብ ያለውም እዚያ ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ነው ነገሩ በሁለቱም በኩል የሚያመኝ። አሜሪካ በሩ ክፍት ነው፣ ቀኑ ግን የለኝም። ወንድሜ ቀኑ አለው፣ በሩ ጋ የሚያደርሰው ገንዘብ የለውም። የእኔ ቅዳሜ ተሽጦ የሱ ልጆች ደብተር ይሆናል፤ ይህንን በደስታ አደርገዋለሁ፣ ወደፊትም አደርገዋለሁ። የሬዲዮ ሰዎች ስለ ተፈጥሮና ስለ ቤተሰብ ማውራታቸው አልከፋኝም፤ ደጋግመው ያውሩ። ግን ላንጋኖ ሲሉ ዋጋውን አብረው ይንገሩን። ስለ ኑሮ ውድነት ደውሎ የሚያለቅሰውን አባትም ልጆቹን የት ወስዶ እንደሚያውቅ ይጠይቁት። የጤፍ ዋጋ የቀማው እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ልጁ ሲያድግ "አባዬ ወስዶኝ ነበር" የሚልበትን ቀን ጭምር ነው።

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን እንጦጦ ወጣን፤ እኔ፣ ልጄ፣ ወንድሜና ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ። ከሽሮ ሜዳ በታክሲ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ሲከፈት እኔ አልነበርኩም። የተነጠፈው የእግር መንገድ፣ ንጹሑ አየር፣ የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ከታች የተዘረጋው ከተማ ልብ ይሞላል። ልጆቹ ሮጠው ሮጠው ደከሙ። ከዚያ ፈረሶቹን አዩ። ስምንት ዓመት የሆነው የወንድሜ ልጅ አንዱን ፈረስ ግንባሩን ዳሰሰና ወደ አባቱ ዞረ፤ አፉን ግን አልከፈተም። ወንድሜ ዋጋ የተጻፈበትን ሰሌዳ አነበበ፣ ሦስቱን ልጆች በዓይኑ ቆጠረ፣ ከዚያ ወደ ከተማው ፊቱን መለሰ። እኔ ከፈልኩ። እሱ ፈረሶቹ ዞረው እስኪመጡ ድረስ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

ስንወርድ ቅጠል የተሸከሙ አንዲት እናት አገኘን። ሸክማቸውን የግንብ አጥር ላይ ደገፍ አድርገው ያርፋሉ። እኔ ልጅ ሆኜ ጀምሮ የእንጦጦ ሴቶች እንዲህ ነበሩ፤ ጀርባቸው ጎብጦ፣ ከራሳቸው የሚተልቅ እስር ይዘው ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ ነው የማውቃቸው። ልጄ ጠጋ ብላ እስሩን በሁለት እጇ ለማንሣት ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም።

"ከየት ነው የምትመጡት ልጄ?" አሉኝ።

"ልጆቹን ልናዝናና ወጥተን ነው እማማ" ስል ቃሉ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለኝ።

"ደግ አደረጋችሁ" አሉ፣ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። "አየሩ ለልጆች መልካም ነው። የኔዎቹንም ትንሽ ሳሉ ይዤያቸው እወጣ ነበር፤ እኔ ስለቅም እነሱ ይጫወታሉ።" ወንድሜ እስሩን ጀርባቸው ላይ አስተካክሎ ደገፈላቸውና ተሰናበትናቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ከተመለስኩ ሁለት ወር አለፈ። ወረቀቷ አሁንም ማቀዝቀዣው ላይ ናት፤ ኦገስት ሳይገባ አንድ ቅዳሜ የምትሸጥልኝ ሰው እየፈለግሁ ነው። ባለፈው እሑድ ወንድሜ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ስለ ሶደሬው ጋሼ የነገርኩትን ማተሚያ ቤት አውርቶ፣ ባልደረቦቹ ዕቁብ ጀምረዋል፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አዋጥተው፣ ኮስተር ተከራይተው፣ ልጆቻቸውን ለአንድ ቀን ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሊወስዱ ነው። ምግቡን ሚስቶች ከቤት ይሠራሉ። መኪናው እንዲሞላ ሃያ አራት ሰው ያስፈልጋል፤ እስካሁን አሥራ ሰባት ተመዝግበዋል፣ ልጆችን ጨምሮ።